የሶፋው ኬሚካልና የሕዋሳችን አመላላሾች

በኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ በተደረገ የማኅበረሰባችን የጤና ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንዲሁም ከሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ ሳትተኙ የመጣችሁ ነርሶችና የፋርማሲ ባለሙያዎች፣ እንደምን ዋላችሁ! አስተባባሪዎቹ ከስኳርና ከደም ግፊት ቀጥሎ ብዙ ስላልተነገረለት ጉዳይ እንድናገር ሲጋብዙኝ ቡናው ሳይፈላ እንድጨርስ አደራ ብለውኛል፤ ሽታው ግን ከወዲሁ መምጣት ስለጀመረ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

የምናገረው በሶፋችን፣ በመኪናችን ወንበርና በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎቻችን ፕላስቲክ ውስጥ እሳት ቶሎ እንዳይቀጣጠል ተብለው ስለሚጨመሩ ኬሚካሎች ነው። በተለይም እነዚህ ኬሚካሎች በደማችንና በሕዋሶቻችን ውስጥ ንጥረ ነገሮችን ከቦታ ቦታ ከሚያመላልሱ ፕሮቲኖች ጋር ሲገናኙ ምን እንደሚሆን እናያለን። ሦስት ነጥቦች አሉኝ፦ ኬሚካሎቹ ወደ ቤታችን እንዴት እንደገቡ፣ አመላላሽ ፕሮቲኖቻችንን ምን እንደሚያደርጉ፣ ለእኛ ኑሮም ምን ትርጉም እንዳለው። ሁለተኛው ነጥብ ሰፊውን ጊዜ ይወስዳል፤ እኔም በሙያዬ ባዮኬሚስት እንደመሆኔ የመጣሁት ለእርሱ ነው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። የምንኖርበት የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1975 «የቴክኒክ ማስታወቂያ 117» የሚባል ደንብ አወጣ። ደንቡ በሶፋና በወንበር ውስጥ ያለው ስፖንጅ ትንሽ ነበልባል ለ12 ሰከንድ ሲነካው እንዳይቀጣጠል የሚጠይቅ ነበር። ስፖንጅ ከነዳጅ ተዋጽኦ የሚሠራ ነገር በመሆኑ ይህን ፈተና ያለ ኬሚካል ማለፍ ይቸግረዋል፤ ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ፒቢዲኢ በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቁትን ብሮሚን የተሸከሙ ኬሚካሎች ከስፖንጁ ጋር ይቀላቅሉ ጀመር። አንድ ፋብሪካ ለካሊፎርኒያ አንድ ዓይነት ሶፋ፣ ለሌላው ግዛት ሌላ ዓይነት ሶፋ መሥራት ስለማያዋጣው የአንድ ግዛት ደንብ የመላው አሜሪካ ልማድ ሆነ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ኬሚካሉ ከስፖንጁ ጋር በኬሚካላዊ ማሰሪያ አልተያያዘም፣ የተደባለቀ ብቻ ነው። ስለዚህ በየጊዜው እየለቀቀ ይወጣል፣ ከቤት አቧራ ጋር ይቀላቀላል፣ ከአቧራው ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳል። እኔና ባለቤቴ መጀመሪያ በተከራየናት ቤት ውስጥ ከሌላ ቤተሰብ የተረፈ ሶፋ ነበረን፤ ነፃ ስለነበር ምርጥ ሶፋ ነበር። አንድ ቀን ሽፋኑን ለማጠብ ዚፑን ስከፍተው ስፖንጁ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ቡናማ ሆኖ፣ በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት የሚረግፍ ሆኖ አገኘሁት። ገልብጬ ከሥሩ የተሰፋውን ነጭ ጨርቅ ሳነብ «የቴክኒክ ማስታወቂያ 117ን ያሟላል» ይላል። ልጃችን በዚያን ጊዜ በዚያው ወለል ላይ ይድህ ነበር። ስንቶቻችሁ ቤት እንዲህ ያለ ሶፋ አለፈ? እጅ እንድታወጡ አልጠይቅም።

ማስጠንቀቂያው ከጥንት ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 በሚሺጋን ግዛት የሚገኝ አንድ ፋብሪካ «ኑትሪማስተር» የሚባል የከብት መኖ ማሟያና «ፋየርማስተር» የሚባል የእሳት መከላከያ ኬሚካል ጎን ለጎን ያመርት ነበር፤ ከረጢቶቹ ተምታቱና የእሳት መከላከያው ከመኖ ጋር ተፈጭቶ ለከብት ተሰጠ። ወደ 30,000 የሚጠጉ ከብቶችና 1.5 ሚሊዮን ያህል ዶሮዎች እንዲወገዱ እስኪደረግ ድረስ ሕዝቡ ወተቱንና ሥጋውን ሲመገብ ቆይቷል። በ1977 ደግሞ በሕፃናት የሌሊት ልብስ ላይ ይጨመር የነበረው ብሮሚን ያለው «ትሪስ» የዘር ውርስን የሚያዛባ መሆኑ ታውቆ ታገደ። ነገር ግን በዚያው ዘመን ፒቢዲኢ በሶፋ በኩል እየገባ ነበር። የስዊድን ተመራማሪዎች ከ1972 እስከ 1997 የተቀመጠ የእናት ጡት ወተት ሲመረምሩ መጠኑ በየአምስት ዓመቱ ገደማ በእጥፍ ሲያድግ አገኙት። በሰሜን አሜሪካ ሰዎች ሰውነት ውስጥ የተገኘው ደግሞ ከአውሮፓውያኑ በአሥር እጥፍና ከዚያ በላይ የሚበልጥ ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ ዋናው። እነዚህ ኬሚካሎች የሚጎዱት ሕዋስን በመግደል ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር፤ የሞተ ሕዋስ በአጉሊ መነጽር ይታያል። ችግሩ ሕዋሱ በሕይወት እያለ፣ ምንም ሳይመስል፣ የሌላውን ቦታ መያዛቸው ነው። ደግሜ እላለሁ፤ ቦታ ይይዛሉ።

የእንቅርት ዕጢያችን የሚያመነጨውን ታይሮክሲን የተባለ ሆርሞን እንውሰድ። ታይሮክሲን ሁለት የካርቦን ቀለበቶች በአንድ የኦክስጅን አቶም ተያይዘው፣ በቀለበቶቹ ላይ አራት የአዮዲን አቶሞች ተሰክተውበት የተሠራ ነው። ፒቢዲኢስ? ሁለት የካርቦን ቀለበቶች፣ በመካከላቸው አንድ የኦክስጅን አቶም፣ በቀለበቶቹ ላይ የብሮሚን አቶሞች። ብሮሚንና አዮዲን ደግሞ በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ላይ በአንድ ዓምድ ውስጥ ተከታትለው የተቀመጡ ወንድማማቾች ናቸው። ፋብሪካው ሆርሞን ለመኮረጅ አላሰበም፤ ነገር ግን ሆን ብሎ ቢኮርጅ ከዚህ ብዙ የተሻለ አይሠራም ነበር።

ይህን ሆርሞን በደም ውስጥ ከሚሸከሙት ፕሮቲኖች አንዱ ትራንስታይሬቲን ይባላል። አራት ተመሳሳይ ክፍሎች ተገጣጥመው የሠሩት ሲሆን በመካከሉ ለሆርሞኑ ሁለት ቦታዎች አሉት። የአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲ ላይ የተሳፈረ ሰው እንደሚያውቀው ወያላው የተሳፋሪውን መታወቂያ አይጠይቅም፤ ወንበሩ ላይ የሚገጥም ከሆነ ያስገባዋል። ትራንስታይሬቲንም የሚያውቀው ቅርጽን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች ውስጥ የሚገባው ቲቢቢፒኤ የተባለ ሌላ ብሮሚን ያለው የእሳት መከላከያ ኬሚካል ትራንስታይሬቲንን ሲይዝ ከራሱ ከታይሮክሲን እስከ አሥር እጥፍ በሚደርስ ጥንካሬ ነው። ፒቢዲኢዎቹ እንደ መጡ ሲሞከሩ ብዙም አይዙም፤ ጉበታችን ሊያስወግዳቸው ብሎ አንድ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ ሲጨምርባቸው ግን ሆርሞኑን ይበልጥ ይመስሉና ቦታውን አጥብቀው ይይዛሉ። ሰውነት ሊከላከል ብሎ የሠራው ሥራ ለባላጋራው መሣሪያ ሲሆን ማየት፣ በዚህ ሙያ ውስጥ ለቆየ ሰው እንኳ የሚያስገርም ነው።

እዚህ ላይ ግን ላስፈራራችሁ አልፈልግም፤ ጋዜጣ ላይ የማይጻፈውንም ልንገራችሁ። በጤናማ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ ከታይሮክሲኑ ሦስት አራተኛ ያህሉን የሚሸከመው ሌላ ፕሮቲን ነው፤ እርሱን ደግሞ እነዚህ ኬሚካሎች በጥቅሉ ከትራንስታይሬቲን ባነሰ ጥንካሬ ይይዙታል። የትራንስታይሬቲን ድርሻ ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። በአይጥ ላይ ግን ዋናው ተሸካሚ ትራንስታይሬቲን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «አይጥ ላይ ሆርሞኑ በግማሽ ወረደ» የሚል ጥናት ሲያሳያችሁ፣ በቀጥታ ወደ ሰው ከማዛወሩ በፊት ይህን ልዩነት እንዲመልስ ጠይቁት።

ታዲያ ለምን እንጨነቃለን? ምክንያቱም ትራንስታይሬቲን ዋና የሚሆንባቸው ቦታዎች በእኛም ሰውነት ውስጥ አሉ። አንጎላችንን በከበበው ፈሳሽ ውስጥ ታይሮክሲንን የሚሸከመው በዋናነት እርሱ ነው፤ አንጎል ውስጥ ፈሳሹን የሚያመነጨው ሕብረ ሕዋስ ራሱ ይሠራዋል። በእንግዴ ልጅ ውስጥም ይገኛል። በእርግዝናው የመጀመሪያ ወራት ፅንሱ የራሱ የእንቅርት ዕጢ ገና ሥራ ስላልጀመረ ለአንጎሉ ዕድገት የሚያስፈልገውን ሆርሞን የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜና በዚህ መንገድ ላይ ቦታ የሚይዝ ባዕድ ነገር፣ በእኔና በእናንተ በአዋቂዎቹ ደም ውስጥ ካለው ይልቅ ያሳስበኛል።

አንድ ነገር ከአገር ቤት ልጨምር። አክስቴ አንገቷ ላይ ትልቅ እንቅርት ነበራት፤ በመንደራችን ብዙ ሴቶች ነበራቸውና እኛ ልጆቹ እንደ ጌጥ እንጂ እንደ በሽታ አናየውም ነበር። በደጋው አገራችን አፈሩ አዮዲን ያንሰዋል፤ ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ጨውም አዮዲን የተጨመረበት አልነበረም። አዮዲን ያነሳት እናት የምታመነጨው ሆርሞን ከመነሻው ጥቂት ነው፤ በዚያ ላይ የተመረተውን ጥቂት ሆርሞን ቦታ የሚሻማ ኬሚካል ሲታከል፣ አበው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ያሉት ቃል በቃል ይደርሳል ማለት ነው። እዚህ አገር ያላችሁ እናቶችም ብትሆኑ በየሱቁ የሚሸጠው ጨው ሁሉ አዮዲን አለበት ብላችሁ አታስቡ፤ በተለይ የባሕር ጨው እየተባለ በውድ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ የለበትም። ጽሑፉን አንብቡ።

በሰው ላይስ ምን ተገኘ? ከእኛ በስተ ደቡብ በሳሊናስ ሸለቆ በሚኖሩ ነፍሰ ጡር እናቶች ላይ በበርክሊ ተመራማሪዎች የተሠራውና በ2010 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በደማቸው ውስጥ ፒቢዲኢ በበዛባቸው እናቶች ዘንድ የእንቅርት ዕጢን የሚያዝዘው ሆርሞን ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ልብ በሉ፤ ነገሩ ቦታ መሻማት ብቻ ቢሆን ኖሮ ታይሮክሲን ሲወርድ አዛዡ ሆርሞን ከፍ ይላል ብለን እንጠብቅ ነበር፤ የተገኘው ግን እንዲያ አይደለም። ይህ የሚነግረኝ ኬሚካሎቹ የሚነኩት አንድ ፕሮቲን ብቻ አለመሆኑን ነው። የእነዚያው እናቶች ልጆች በአምስትና በሰባት ዓመታቸው ሲመረመሩ፣ በእርግዝና ወቅት ከፍተኛ መጠን የነበረባቸው እናቶች ልጆች በትኩረትና በእጅ ቅልጥፍና ፈተናዎች ዝቅ ያለ ውጤት ማምጣታቸው በ2013 ታትሟል።

አሁን ከደም ወጥተን ወደ ሕዋሱ ሽፋን እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1976 በካናዳ ጁሊያኖና ሊንግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች መድኃኒት አልሠራ ያላቸውን ሕዋሳት ሲመረምሩ ፒ-ግላይኮፕሮቲን የተባለ ፕሮቲን አገኙ። ይህ ፕሮቲን በሕዋሱ ሽፋን ላይ ተሰክቶ፣ የሕዋሱን ጉልበት እያወጣ ባዕድ ኬሚካልን ወደ ውጭ የሚተፋ ፓምፕ ነው። በአንጀታችን፣ በጉበታችን፣ በኩላሊታችን፣ በእንግዴ ልጅ፣ በተለይም በአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይገኛል። የፋርማሲ ባለሙያዎቻችን በሚገባ ያውቁታል፤ ለልብ የሚሰጠው ዲጎክሲን ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲሰጥ መጠኑን የሚያስቀንሳቸው ብዙ ጊዜ ይኸው ፓምፕ ነው።

በ2016 በሳንዲያጎ የሚገኘው የስክሪፕስ የውቅያኖስ ምርምር ተቋም ሳይንቲስቶች ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ጥናት በዚህ ዘርፍ ያለነውን ሁሉ አስደንግጦናል። በሰውና በአይጥ ፓምፕ ላይ ሲሞክሩ ከፒቢዲኢዎች፣ ከአሮጌ ፀረ ተባዮችና ፒሲቢ ከሚባሉት ክሎሪን ያለባቸው አሮጌ የኢንዱስትሪ ኬሚካሎች መካከል የተወሰኑት ፓምፑን ያግዱታል። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በተያዘ የቱና ዓሣ ሥጋ ውስጥም እነዚህኑ ኬሚካሎች ለክተው አገኙ። ከሁሉ የበለጠው ግን የአይጡን ፓምፕ ከፒቢዲኢዎች አንዱ ከሆነው ከፒቢዲኢ-100 ጋር አንድ ላይ በክሪስታል መልክ አርግተው በኤክስሬይ ማየታቸው ነው፤ አንድ የአካባቢ ብክለት ኬሚካል በመድኃኒት አስወጪ ፕሮቲን ውስጥ ተቀምጦ ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሥዕሉን ከዚህ በፊት ላላየው ሰው ላሳይ፤ ይኸውላችሁ፣ በመካከል ያለው ባዶ ቦታ መድኃኒት የሚያዝበት ነው፤ ቢጫዋ ደግሞ የሶፋው ኬሚካል ናት። ፓምፑ ሊተፋት የተዘጋጀ ይመስላል፤ እርሷ ግን ገብታ ሥራውን አስተጓጉላለች።

ትርጉሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ኬሚካሉ ከሰውነት በቀላሉ አይወጣም፤ እርግጥ ነው ለዚህ ስብ መውደዱም ምክንያት ነው። ሁለተኛ፣ ፓምፑ ሲታገድ እርሱ ያስወጣው የነበረ ሌላ መርዝም ሊቀር ይችላል። አንድን ኬሚካል ለብቻው መርምረው «በዚህ መጠን አይጎዳም» የሚሉ ሰንጠረዦች ይህን አይቆጥሩም። እውነቱን ለመናገር ግን በቤተ ሙከራ ፓምፑን ለማገድ የሚያስፈልገው መጠን በብዙ ሰው ደም ውስጥ ከሚገኘው ይበልጣል፤ ለዚህ ነው እኔ ስለ አንዱ ኬሚካል ሳይሆን በአንድ ላይ ስለሚመጡት ድብልቅ የምጨነቀው። ፓምፓቸው ገና ያልጠነከረ አራስ ሕፃናትም አሉ።

ሌሎቹን በፍጥነት ልለፍ። በጉበት ሕዋሳት ላይ ኦኤቲፒ የሚባሉ አስገቢ ፕሮቲኖች አሉ፤ ለኮሌስትሮል የምትወስዷቸውን የስታቲን መድኃኒቶች ወደ ጉበት የሚያስገቡት እነርሱ ናቸው። ፒቢዲኢም ወደ ሰው ጉበት ሕዋስ የሚገባው በእነዚሁ በኩል እንደሆነ በ2010 ታይቷል። በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የተደረጉ ምርምሮች ደግሞ ቲቢቢፒኤ በሕዋስ ውስጥ ካልሲየምን ወደ ማከማቻው የሚመልሰውን ፓምፕ እንደሚያግድ፣ የነርቭ ሕዋሳትም በዚህ ምክንያት እንደሚሞቱ አሳይተዋል። በአይጦች አንጎልም ዶፓሚንን የሚያመላልሱ ፕሮቲኖች ፒቢዲኢ ከተሰጣቸው በኋላ ቀንሰው ተገኝተዋል። እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ንግግር ይወጣዋል፤ ቡናው ግን አይጠብቀኝም።

ሦስተኛው ነጥብ፤ እኛስ? ከፊት የተቀመጡት እናቴ ገና ከመጀመሪያው «ታዲያ ምን እናድርግ ልጄ?» የሚል ፊት ሲያሳዩኝ ነበር። በመጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገራችሁ። ፒቢዲኢዎቹ ከስፖንጅ ውስጥ የወጡት በአውሮፓ በ2004 ተግባራዊ በሆነው እገዳ፣ እዚህም አምራቹ በዚያው ዓመት መጨረሻ ማምረት ስላቆመ ነው፤ በአካባቢ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ በካይ ኬሚካሎችን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፉ የስቶክሆልም ስምምነትም በ2009 የመጀመሪያዎቹን፣ በ2017 ቀሪውን ዋና ዓይነት በዝርዝሩ አስገብቷል። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። በሳንፍራንሲስኮ ሆስፒታል በተመረመሩ ነፍሰ ጡር እናቶች ደም ውስጥ የነበረው መጠን ከ2008 አካባቢ እስከ 2012 ባለው ጊዜ በሁለት ሦስተኛ ገደማ ወርዷል። ሕግ ይሠራል። ካሊፎርኒያም የ12 ሰከንዱን ነበልባል ፈተና በ2013 ደንብ በመተው፣ ሶፋ በብዛት የሚቃጠለው በሲጋራ በመሆኑ ጨርቁ በዝግታ መጨስ አለመጨሱን ወደሚመዝን ፈተና ዞረች፤ ከ2020 ጀምሮም በአዲስ ሶፋ፣ በፍራሽና በሕፃናት ዕቃ ውስጥ እነዚህን ኬሚካሎች ከልክላለች። ከ2015 ወዲህ በተሸጠ ሶፋ ሥር የተሰፋው ጽሑፍ የእሳት መከላከያ ኬሚካል ይኑረው አይኑረው በግልጽ ይናገራል። ዛሬ ቤት ስትገቡ ሶፋችሁን ገልብጡና አንብቡ፤ ስፖንጁ እየረገፈ ከሆነ ሽፋኑን ቀዳችሁ አትጥገኑት፣ አስወግዱት።

ከአቧራው ጋር ያለው ጉዳይ በእጃችን ነው፤ በእውነትም በእጃችን። በትንንሽ ሕፃናት ላይ በ2012 በታተመ ጥናት በእጃቸው ላይ የተገኘው ፒቢዲኢ በደማቸው ውስጥ ካለው ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። እኛ በእጃችን የምንበላ ሕዝብ ነን፤ እንጀራ ሲቀርብ ውሃና ማስታጠቢያ ይዞ የሚዞረው ልጅ በዚህ አገር እየጠፋ ነው፤ በጄል ማሸት ደግሞ አቧራውን አያስወግድም። በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፣ ሕፃናቱንም አስታጥቡ። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ከመጥረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ።

ታክሲ፣ ኡበርና ሊፍት የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራ የፌዴራል ደንብ የመኪና ውስጥ ዕቃዎች የእሳት ፈተና እንዲያልፉ ያስገድዳል። በ2024 በታተመ ጥናት ከ101 መኪኖች ውስጥ በ99 በመቶው ቲሲአይፒፒ የተባለ የእሳት መከላከያ ኬሚካል በአየሩ ውስጥ ተገኝቷል፤ ሙቀት ሲጨምርም መጠኑ ይጨምራል። ይህ ከፒቢዲኢ የተለየ፣ ፎስፈረስ ያለበት ኬሚካል በመሆኑ ስለ ትራንስታይሬቲን የነገርኳችሁን ሁሉ በእርሱ ላይ አልለጥፍም። ግን ሲነዱ መዋላችሁ አይቀርምና ከመነሣታችሁ በፊት መስኮቶቹን ክፈቱ፣ ስትቆሙ ጥላ ፈልጉ። የአክስቴ ልጅ መኪናው ውስጥ በሰዓታት የሚቆጠር ጊዜ ተቀምጦ ደንበኛ ይጠብቃል፤ መስኮቱን ዘግቶ፣ ፀሐይ ላይ። ነግሬዋለሁ፤ እናንተም ንገሩልኝ።

አሮጌ ቴሌቪዥንና ኮምፒዩተር ወደ አገር ቤት የምትልኩም አላችሁ። ፕላስቲካቸው ብሮሚን የተሸከመ ሊሆን ስለሚችል አገልግሎቱን ጨርሶ ሜዳ ላይ ሲቃጠል ከመጀመሪያው የባሰ መርዝ ይወጣዋል። የማይሠራ ዕቃ «ይጠገናል» ብላችሁ አትላኩ።

በመጨረሻም ለነርሶቻችን፦ ታካሚ መጥቶ «ፒቢዲኢዬን መርምሩልኝ» ቢላችሁ፣ ውጤቱ ከመጣ በኋላ የሚሰጥ ሕክምና ስለሌለ ገንዘቡን አያባክን በሉት። ያረገዘች ወይም ልታረግዝ ያሰበች እናት ከሆነች ግን የእንቅርት ዕጢዋ ሥራ በደም ምርመራ እንዲታይ፣ የምትወስደው ቫይታሚንም አዮዲን ያለበት እንዲሆን ከሐኪሟ ጋር እንድትመካከር አድርጓት፤ አዮዲን የሌላቸው የእርግዝና ቫይታሚኖች ጥቂት አይደሉም። ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ቡናውን እየጠጣን ብንቀጥልም ደስታዬ ነው።